ሳይጠየቁ የቀሩት ዘጠኙ

«አይነገረው።»

ይህን ያለው አጎቷ ነው። በዚህ ፋንታዬ አትጠራጠርም፤ የአጎቷ ድምፅ ወፍራም ስለነበር ከመጋረጃ ጀርባም ይለያል። ደብረ ብርሃን ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እሷ የስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ ጓዳ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። አባቷን አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ወስደው የመለሱት ዘመዶች ሳሎን ተሰብስበዋል። አባቷ ራሱ ደጅ ወጥቶ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል።

«ከሰማ በድንጋጤ ነው የሚሞተው» አለ ሌላ ሰው።

ከዚያ አንድ ድምፅ ዝቅ ብሎ «ሳይሰማ ቢሞትስ?» አለ።

ይህ የማን ድምፅ እንደነበር ፋንታዬ አታውቅም። አንዳንዴ ስታስበው የሴት ይመስላታል፤ አንዳንዴ የወንድ። መልስ የሰጠ ሰው ይኑር አይኑርም ጠፍቶባታል። የቀረላት ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ምስሩን አስቀምጣ ደጅ ወጣች። «አባዬ፣ እንዴት ነህ?» አለችው። «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» አላት። የሰማችውን ልትነግረው አፏን ከፍታ ነበር፤ መልሳ ዘጋችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቷ በየቀኑ ደህና ነበር። በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ቀበሩት።

ፋንታዬ አሁን ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሲያትል ከገባች አሥራ ዘጠኝ። ሶዶ በሚባለው ሰፈር፣ ከሐዲዱ ጎን ከተደረደሩት መጋዘኖች አንዱ የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበት ነው፤ እዚያ አንሶላ ታጥፋለች። ትምህርቷ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ጆሮዋ ግን አልቆመም። እንግሊዝኛውን ያስተማራት ሰው የለም። በማሽኑ ጫጫታ መሀል ሬዲዮ እየሰማች፣ ያልገባትን ቃል መዳፏ ላይ እየጫረች፣ ቤት ስትገባ ደብተር ላይ እየገለበጠች ለራሷ አስተማረችው። ስትናገር ይንገዳገዳል፤ ስትሰማ ግን የሚያመልጣት የለም። ልጇ ቢታንያ «ማም ስፓይ መሆን ነበረባት» እያለች ትስቅባታለች። ፋንታዬ ለመስማቷ ሌላ ስም አላት፤ ለማንም ነግራው አታውቅም እንጂ፣ ጸሎት ማለት ግማሹ ዝም ብሎ መስማት ነው ብላ ታምናለች።

ጋሽ ሙላቱ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ናቸው። ስድሳ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ሃያ ስድስቱን ታክሲ ሲነዱ ጨርሰዋል። ሚስትም ልጅም የላቸውም። ባሏ የሞተ ጊዜ ግን ቢታንያን ትምህርት ቤት ያመላለሱት፣ ክረምት ሲመጣ ጎማ የቀየሩላት፣ እሷንም መኪና መንዳት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት አንገታቸው ላይ ንፍፊት ወጣ። «ጉንፋን ነው» አሉ። ጉንፋኑ እንቁላል ሲያህል ተመረመሩ፤ ሊምፎማ ሆኖ ተገኘ፣ የንፍፊት ካንሰር። ኬሞ ወሰዱ፤ ጠፋ፤ ተመለሰ። ሁለተኛውን ኬሞ ሲወስዱ ደግሞ ጭራሽ አልጠፋም።

ያን ጊዜ ነው ሐኪሟ ሌላ መንገድ ያመጣችው። አስተርጓሚው በስልክ፣ ፋንታዬ በጆሮዋ፣ ጋሽ ሙላቱ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው ሰሟት።

«ከራስዎ ደም ውስጥ በሽታ የሚዋጉትን ነጭ ሴሎች እንለቅማለን» አለች። «ላቦራቶሪ ይሄዳሉ። እዚያ ካንሰሩን ለይተው የሚይዙበት አዲስ ነገር ይገጠምላቸዋል፤ ይባዛሉ፤ ከዚያ ወደ እርስዎ ይመለሳሉ።»

«ሥልጠና ይሄዳሉ በለኛ» አሉ ጋሽ ሙላቱ ለአስተርጓሚው። «ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«አራት ሳምንት ገደማ።»

«እኔ የታክሲ ፈቃድ ለማውጣት ከዚያ በላይ ፈጅቶብኛል።» ትንሽ አሰቡና ጨመሩ። «ገባኝ። እስከ ዛሬ ሴሎቼ አድራሻውን ሳያውቁ ነበር የሚዞሩት። አሁን ጂፒኤስ ሊገጠምላቸው ነው።»

ሐኪሟ ሲተረጎምላት ከልቧ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ የቀረውን ነገረቻቸው። ለሁሉም አይሠራም። ሲሠራም ሴሎቹ ሥራ ሲጀምሩ ሰውነት ሊቆጣ ይችላል፤ ትኩሳት ይመጣል፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ደግሞ ወደ አንጎል ይደርስና ቃል ይጠፋበታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ቶሎ ካልተደረሰበት ሊያደርስ የሚችለው አደጋ ከባድ ነው። ስለዚህ ቀንም ሌትም አብሮ የሚሆን አንድ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ከሌለ ሕክምናው የለም።

«መጀመሪያ የሚያውቀው እኛ አይደለንም» አለች ፋንታዬን እያየች። «አብሮት ያለው ሰው ነው። አንድ ነገር ከወትሮው የተለየ ከመሰለሽ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ንገሪን።»

ፋንታዬ የሥራ ፈቃድ ወሰደች። ተንከባካቢ በሚለው መስመር ላይ ፈረመች። እጇ ብዕሩን ሲለቅ ያ ከመጋረጃው ጀርባ የሰማችው ድምፅ መጣባት።

ጋሽ ሙላቱ በበኩላቸው አንድ ነገር አስማሏት።

«ከቢታንያ በቀር ለማንም።»

«ለአባ መልከጸዴቅም?»

«ለነፍስ አባቴማ ነግሬያለሁ። ለሌላው ጨጓራ ነው ትያለሽ። ሰው ከሰማ ይመጣል፣ ሲመጣ ያለቅሳል። እኔ ቁጭ ብዬ የራሴን ለቅሶ መድረስ አልፈልግም፣ ፋንትሽ።»

ሴሎቻቸው ተለቅመው ሄዱ። ጋሽ ሙላቱም ሴንትራል ዲስትሪክት ካለው አፓርታማቸው አንድ ሻንጣና አንድ ካፖርት ይዘው፣ ኦቴሎ ሰፈር ወዳለው ወደ ፋንታዬ ቤት ተዛወሩ። ሴሎቹ ሲመለሱ የሦስት ቀን ቀለል ያለ ኬሞ ተሰጣቸውና፣ ሁለት ቀን አርፈው፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት አልጋ ላይ ወጡ።

የመጣችው ከረጢት ከእጅ መዳፍ ብዙም አትበልጥም።

«ይቺው ናት?» አሉ ጋሽ ሙላቱ። «ለዚች ነው ይሄ ሁሉ ሽር ጉድ?»

ግሎሪያ የምትባለው ነርስ ስማቸውንና የልደት ቀናቸውን ከከረጢቱ ጋር ሁለት ጊዜ አመሳከረች። ፋንታዬ አባ የላኩትን ጠበል በትንሽ ፕላስቲክ ይዛ ነበር። ግሎሪያ በጨዋ አንደበት መርጨትም መጠጣትም እንደማይቻል፣ አሁን ጋሽ ሙላቱን ተራ ውኃ እንኳ ሊያሳምማቸው እንደሚችል አስረዳች። ፋንታዬ ምን ታድርግ? ጋሽ ሙላቱን አየቻቸው።

«እንደተከደነ ከራስጌዬ ይቀመጥ» አሉ። «ጠበል ተከድኖም ጠበል ነው።»

ከራስጌያቸው ተቀመጠ። ከረጢቷ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ባዶ ሆነች። ክፍሉን የተቀቀለ በቆሎ ሽታ ሞላው፤ የሴሎቹ ማቆያ መድኃኒት ሽታ ነው አለች ግሎሪያ። ጋሽ ሙላቱ ሽታውን ሳቡና «በመስከረም የተመለሱ ነው የሚመስሉት» አሉ።

ከዚያ በየጠዋቱ ወደ ክሊኒክ መመላለስ ሆነ። ለጋሽ ሙላቱ ከካንሰሩ ይልቅ ይኼ ሳይከብዳቸው አይቀርም፤ መንዳት ተከልክለዋልና። ከፋንታዬ ጎን ተቀምጠው፣ በሌለ ፍሬን ላይ እግራቸውን እየጫኑ፣ ከኦቴሎ እስከ ክሊኒኩ በር ያስተምሯታል።

«ሲግናል! ... አሁን ነው እንዴ ሲግናል የሚበራው? ሰውየው ሐሳብሽን በሕልሙ ይይ?»

«አብርቻለሁ ጋሼ።»

«ካበራሽ በኋላ ነው የተናገርኩት? ጥሩ። ርቀት ጠብቂ። ቂጡ ላይ ተለጠፍሽ እኮ።»

ወደ ሥራዋ ሲያደርሷት ቢታንያ ከኋላ ወንበር ሆና «አንክል፣ ፕሊስ፣ ሺ ኢዝ ፋይን» ትላለች። «ፋይን አይደለችም» ይሏታል። «ተማሪዬ ስለሆነች ነው የማፍረው።»

ክሊኒክ ሲደርሱ ግሎሪያ በየቀኑ ያንኑ ትጠይቃለች። ዓመቱ ስንት ነው? ከተማው ማን ይባላል? ይሄ ምንድን ነው? ከመቶ ጀምረው በአሥር በአሥር ወደ ኋላ ይቁጠሩ። በመጨረሻ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ። ጋሽ ሙላቱ የሚጽፉት ሁልጊዜ «ዛሬም እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፤ ግሎሪያ አማርኛውን ባታነብም የፊደሉን ቅርጽ ከመጀመሪያው ቀን ጽሑፍ ጋር እያስተያየች ነጥብ ትሰጣለች። ከአሥር አሥር።

አንዱ ጥያቄ ብቻ አያስኬድም ነበር። «ዛሬ እንዴት ነዎት?» ስትላቸው መልሳቸው አንድ ነው።

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን።»

በሦስተኛው ቀን ትኩሳታቸው በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር መቶ አንድ ነጥብ ስምንት ሆኖ፣ ጥርሳቸው እየተጋጨ፣ ደህና ነኝ ተመስገን አሉ። ግሎሪያ የሰማችውን ኮምፒውተሩ ላይ ስትጽፍ ፋንታዬ አየቻት። አባቷ ነው የመጣባት፣ ደጅ ፀሐይ ላይ።

ትኩሳቱን የሚያበርድ መድኃኒት ተሰጥቷቸው መኪና ውስጥ ሲገቡ፣ ቁልፉን ሳታዞር ተናገረች።

«ጋሼ፣ እንደዚህ አይሆንም።»

«ምኑ?»

«እያንቀጠቀጠዎ ደህና ነኝ ይላሉ።»

«ታዲያ እግዜርን ላማርር?»

«ማማረር ሌላ ነው፣ መናገር ሌላ ነው። ተመስገን ይበሉ፤ ከተመስገን ቀጥሎ ግን ያመመዎትን ይጨምሩ። እግዜር እንደሆነ ቴርሞሜትሩንም ያየዋል።»

ጋሽ ሙላቱ በመስኮት ወደ ውጭ አዩ። «አባቴ በሰባ ዓመቱ አንዴም አመመኝ ሳይል ነው የሞተው» አሉ።

«የኔም» አለች ፋንታዬ። «ምን እንዳመመው እንኳ ሳያውቅ።»

በማግስቱ ግሎሪያ ስትጠይቃቸው «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» አሉ እንደገና። ፋንታዬ ያን ጊዜ ገባት። ይህ ሰው መቼም አመመኝ አይልም። ሕመሙ ከቃሉ ሳይሆን ከሌላ ቦታ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ሌላውን መስማት ጀመረች። አካሄዳቸውን፣ ሳላቸውን፣ ውኃ ሲጠጡ የሚያሰሙትን ድምፅ ሰማች። ከሁሉ በላይ ግን የጠዋት ሰላምታቸውን ሰማች።

የጋሽ ሙላቱ ሰላምታ ረጅም ነው። ከክፍላቸው ሲወጡ «እንዴት አደርሽ ፋንትሽ?» ብለው ይጀምራሉ፤ ከዚያ ዘጠኝ ይጠይቃሉ። «ቢታንያ እንዴት አደረች? ድመቷስ? ሚስተር ቲን ጉልበቱ ተሻለው?» ሚስተር ቲን ከአጥሩ ወዲያ ያለው የቬትናም ሽማግሌ ነው። «አለቃሽ ደህና ነው? ወንድምሽ አክሊሉ ከደብረ ብርሃን ደወለ? አባ ዓይናቸው እንዴት ሆነ? ገመዳ ያ ጀርባው ተወው? እጅጋየሁስ? ፖስታ የምታመጣዋ ልጅ መጣች?» ገመዳ የታክሲ ጓደኛቸው ነው፣ እጅጋየሁ ሚስቱ። ፋንታዬ ለዘጠኙም «ደህና፣ ደህና» እያለች ቁርስ ታቀርባለች። ቤቷ ከገቡ ጀምሮ በየጠዋቱ ሰምታዋለች፤ ቆጥራው ግን አታውቅም ነበር። ያን ሳምንት ቆጠረችው።

በሰባተኛው ቀን ትኩሳት አልነበራቸውም። ፊታቸው ጥሩ ነው። ከክፍላቸው ወጡ።

«እንዴት አደርሽ ፋንትሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎ እንዴት አደሩ?»

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን።»

ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ፋንታዬ ሳህኑን ይዛ ጠበቀች። ድመቷ እግራቸው ሥር መጥታ ተሻሸች፤ አዩዋት፤ ምንም አላሉም። ቢታንያ ጫማዋን እየታገለች «ሃይ አንክል» ስትላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

መንገድ ላይ ፋንታዬ ጆሮዋን አቁማ ነዳች። ራንየር አቬኑ ላይ አንድ ቢጫ መብራት ነበር፤ መቆም ስትችል አለፈችው። ሆን ብላ ነው። ጋሽ ሙላቱ እግራቸውን እንኳ አላነሱም።

ክሊኒክ ገቡ። ዓመቱን መለሱ፤ ከተማውን መለሱ፤ ብዕሩን ብዕር፣ ሰዓቱን ሰዓት አሉ፤ ከመቶ ወደ ኋላ ቆጠሩ፤ «ዛሬም እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ጻፉ። ግሎሪያ ወረቀቱን አየችና ፈገግ አለች። «ከአሥር አሥር! ፐርፌክት። ትኩሳት የለም። ዛሬ ቶሎ ትሄዳላችሁ።»

ፋንታዬ ተነሣች፤ ቦርሳዋን ያዘች። በሩ አጠገብ ስትደርስ ቆመች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ያለውን ልክ አይደለም ብላ አታውቅም። ምን ልትል ነው? ሰላምታ አሳጠሩ? ሰው ይስቅባታል። አስተርጓሚው ደግሞ ስልኩን ዘግቷል።

ዘወር አለች።

«ኖ» አለች።

«ሶሪ?»

«ኢዝ ኖት ፐርፌክት።» እንግሊዝኛዋ ተንገዳገደ፤ እሷ ግን አልተንገዳገደችም። «ኤቭሪ ሞርኒንግ ሂ አስክ ናይን ፒፕል። ማይ ዶተር፣ ማይ ኔበር፣ ዘ ካት። ቱደይ፣ ኖባዲ። ሂ አስክ ኖባዲ።»

ግሎሪያ ጋሽ ሙላቱን አየች፣ ኮምፒውተሩን አየች፣ ፋንታዬን አየች። አልሳቀችም። «ቁጭ በሉ» አለች። «ዶክተሯን ልጥራት።»

ሐኪሟ መጣች፤ ዓይናቸውን መረመረች፤ የሚታይ ነገር የለም። «እዚሁ ይቆዩልን» አለች ግን። «በየሰዓቱ እንጠይቃቸዋለን።» በመጀመሪያው ሰዓት ከአሥር አሥር። በሁለተኛው ግሎሪያ ብዕሩን ከፍ አድርጋ «ይሄ ምንድን ነው?» ስትላቸው ጋሽ ሙላቱ ረጅም ጊዜ አዩት። የሚያውቁት ሰው ሆኖ ስሙ እንደጠፋባቸው ሁሉ አዩት። ከዚያ በአማርኛ፣ በእርግጠኝነት፣ «ትኬት» አሉ። እንዲጽፉ ወረቀት ስትሰጣቸው ከ«ዛ» ቀጥሎ መስመሩ ተንቀጥቅጦ ወደ ጠርዝ ሄደ።

ያን ጊዜ ክፍሉ በሰው ተሞላ። የሰውነትን ቁጣ የሚያበርድ ስቴሮይድ በደም ሥር ተሰጣቸው፤ ወደ ላይኛው ፎቅ ተወሰዱ።

ሁለት ቀን አልተናገሩም። ዓይናቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል። ፋንታዬ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣ ትጸልያለች፤ ግማሹን በከንፈር፣ ግማሹን በመስማት። ነርሶቹ አንሶላ ሊቀይሩ ሲገቡ የታጠፈውን አየችና ተነሣች። ባለላስቲኩን አንሶላ ማሽን አያጥፈውም፤ በእጅ ነው። አራቱን ማዕዘን አንዱን በአንዱ ከትቶ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ መደበቅ ደግሞ ሶዶ ውስጥ የእሷ ብቻ አጣጠፍ ነው፤ አለቃዋ በዚያ ያሾፍባታል። ይኸው ስድስተኛ ፎቅ ወጥቶ አገኛት። እጇን አንሶላው ላይ አሳረፈች። ለዚህ ሰው ስትሠራ ቆይታ ኖሯል፣ ሳታውቀው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግሎሪያ ከሥር ክሊኒክ ልታያቸው ወጥታ ሳለ ጋሽ ሙላቱ ዓይናቸውን ከፈቱ፤ ፋንታዬን ፈልገው አገኙ። ከንፈራቸው ደርቋል። ጎንበስ አለች።

«ራንየር ላይ» አሉ።

«አቤት ጋሼ?»

«ቢጫ መብራት ጥሰሻል። አይቼሻለሁ። አፌ እንቢ ብሎኝ ነው እንጂ።»

ፋንታዬ አንሶላው ላይ ተደፍታ ሳቀች፣ እንባዋም አብሮ መጣ። ጋሽ ሙላቱ ትንሽ አረፉ። ከዚያ ቀስ እያሉ፣ ከባድ ዕቃ እንደሚያወርድ ሰው በየመሀሉ እየቆሙ፣ «ቢታንያ እንዴት አደረች?» አሉ። «ድመቷስ? ሚስተር ቲን...» ፋንታዬ በጣቷ ቆጠረች። ዘጠኝ።

ለግሎሪያ ዘጠኝ ጣቷን አሳየቻት። ግሎሪያ ወደ ነጩ ሰሌዳ ሄደች፤ ከትኩሳቱና ከደም ግፊቱ ሥር አዲስ መስመር ከፍታ «9/9» ብላ ጻፈች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ የሚገባው ነርስ ሁሉ፣ ነገሩን የማያውቀውም ጭምር፣ ፋንታዬን «ዛሬ ስንት?» ይላታል።

ሐኪሟ ከሆስፒታል ሲወጡ እጇን ጨበጠቻት። «በእኛ መለኪያ ምንም አልነበረም» አለች። «የሁለት ሰዓት ቅድሚያ የሰጠሽን አንቺ ነሽ። ያ ሁለት ሰዓት ቀላል አይደለም።» ፋንታዬ አስተርጓሚው እስኪጨርስ አልጠበቀችም፤ በጆሮዋ ሰምታዋለች። መኪናዋን ስታስነሳ ጀርባዋ ቀጥ ብሎ ነበር። ጋሽ ሙላቱ ሳይቀሩ እስከ ራንየር ድረስ ምንም ትችት አላቀረቡባትም፤ ደንግጣ ዞር ብላ ስታያቸው «ደህና ነኝ፣ ዝም ያልኩት ለክብርሽ ነው» አሏት።

በሠላሳኛው ቀን ስካን ተነሡ። ንፍፊቱ የለም። በሦስተኛው ወርም ተነሡ፤ የለም። ሐኪሟ ሊመለስ እንደሚችል፣ ገና እንደሚከታተሉ አልደበቀችም፤ ፈገግታዋንም አልደበቀችም። መንዳት ተፈቀደላቸው። ወደ አፓርታማቸው ተመለሱ። ሰላምታውን ግን አልተዉም፤ በየጠዋቱ በስልክ ዘጠኙን ይጠይቃሉ። ለቀረው ሰው ጨጓራቸው ድኗል።

አንድ ቅዳሜ ፋንታዬ ኦቴሎ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለው የሐበሻ ሱቅ በርበሬ እየገዛች ሳለ እጅጋየሁን አገኘቻት። እጅጋየሁ ከስታለች። ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ በመደርደሪያው መሀል ወደ ጥግ ሳበቻት።

«ፋንትዬ፣ ለማንም እንዳትነግሪ። የገመዳ ጀርባ ጀርባ አይደለም። አንዱ ኬሞ አልያዘለትም። ሐኪሙ የራሱን ሴል አውጥተን የሚባል ነገር አለ ይላል።»

«ታዲያስ?»

«ገመዳ አያውቅማ! ልጆቹ ሲተረጉሙለት ኢንፌክሽን ነው እያሉት ነው ኬሞውንም የወሰደው። ይሄኛው ግን ወረቀት አለው፤ ራሱ አንብቦ፣ ገብቶት ካልፈረመ አይሆንም አሉን፤ አስተርጓሚውም የነሱ መሆን አለበት አሉ። ሶ፣ ይቅርብን ብለናል። ከሰማ በድንጋጤ ይሞታል፣ ታውቂው የለ?»

በርበሬው በፋንታዬ እጅ ነበር። አፏ ተከፈተ። በስምንት ዓመቷ እንደዘጋችው አልዘጋችውም።

«ሳይሰማ ቢሞትስ?» አለች።

ዝቅ ብሎ ነው የወጣው። የሴት ድምፅ ነበር፤ በዚህ አትጠራጠርም።

እጅጋየሁ ማልቀስ ጀመረች። «ማን ይንገረው ታዲያ? እኔ አልችልም። በዚህ ነገር ገብቶ የወጣ አንድ ሰው እንኳ ባየ...»

የጋሽ ሙላቱ ስም በፋንታዬ ምላስ ላይ ነበር። መሐላዋን አሰበች፤ ዋጠችው። ከሱቁ ወጥታ በቀጥታ ሴንትራል ዲስትሪክት ሄደች፤ ለጋሽ ሙላቱም የሰማችውን ሁሉ ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻቸው።

ጋሽ ሙላቱ ተነሥተው መስኮቱ ጋ ቆሙ። ታች ቼሪ መንገድ ላይ አውቶቡስ ቆሞ ሰው ያወርዳል።

«አይሆንም» አሉ። «ለገመዳ መንገር ማለት ለታክሲ ሰልፍ በሙሉ መንገር ነው። ነገ እሑድ ቅዳሴ ላይ ሰው ሁሉ በዓይኑ ይገንዘኛል። ዳንኩ ብል ማን ያምናል? ሞት የጎበኘው ነው የሚሉኝ። አይሆንም፣ ፋንትሽ።»

«እሺ» አለች። አልተከራከረችም። መስማት እንጂ መከራከር አታውቅበትም። ሻይ ጠጥታ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ከቅዳሴ በፊት ስልኩ ጮኸ።

«እንዴት አደርሽ ፋንትሽ? ቢታንያ እንዴት አደረች? ድመቷስ? ሚስተር ቲን? ... አለቃሽ ደህና ነው? አክሊሉ ደወለ? አባ ዓይናቸው?» እዚህ ላይ ድምፃቸው ቆመ። «... እጅጋየሁስ? ፖስታ የምታመጣዋ?»

«ደህና ናቸው ሁሉም» አለች ፋንታዬ። «ስምንት ነው ጋሼ።»

«ምኑ?»

«አንድ ሰው ጎድሏል።»

«ጭንቅላቴ ደህና ነው።»

«አውቃለሁ።»

በዝምታው ውስጥ የሰዓታቸው ምት፣ ከዚያ የወንበራቸው መንቋቋት፣ ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ይሰማታል። ፋንታዬ አልቸኮለችም። ጸሎት እንደምትጸልይ ሆና ጠበቀች።

«ሃያ ዓመት» አሉ ጋሽ ሙላቱ በመጨረሻ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ኤርፖርት ሰልፍ ላይ ከፊቴ ወይ ከኋላዬ ነበር። ጎማዬ ሲፈነዳ የራሱን ተሳፋሪ አስወርዶ የደረሰልኝ ሰው ነው። አሁን ጀርባው ተወው ብዬ ልጠይቅ? እያወቅሁ?»

ፋንታዬ ስልኩን ወደ ጆሮዋ ይበልጥ አስጠጋች።

«ስሚ። ለእጅጋየሁ ደውዪላት። የሱን ነገር እሷ ትንገረው፣ የሚስት ነው። እኔ አስቀድሜ የራሴን እነግረዋለሁ፤ ከረጢቷን፣ የበቆሎውን ሽታ፣ ብዕሩን ትኬት ያልኩትን ሳይቀር። አንገቴን በእጁ ይዳስሰው። ከዚያ መፈረም አለመፈረም የራሱ ነው። ዛሬ፣ ከቅዳሴ እንደወጣን እንሄዳለን።»

«እሺ ጋሼ። መጥቼ ልውሰድዎት?»

«አንቺ?» አሉ ጋሽ ሙላቱ። «አንቺ ዘጠኙን መቁጠር እንጂ መንዳት ስለማትችይ፣ የምነዳው እኔ ነኝ።»